ሴቶቹን ማን ይወስዳል?

በኮተቤ ላይኛው ሰፈር ውሻ የሚንሸራሸረው ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ነው። ሰዓቱ ሲደርስ የየብሎኩ ሊፍት ይወርዳል፤ ከእያንዳንዱ ሊፍት አንድ ሰውና አንድ ውሻ ይወጣሉ። ውሾቹ ሁሉ ነጣ ያለ ቡናማ ናቸው። ሁሉም ወንድ ናቸው፣ ሁሉም የተኮላሹ ናቸው፣ ሁሉም ዝምተኛ ናቸው። አንዱን ከሌላው የሚለየው የአንገቱ ማሰሪያ ቀለም ብቻ ነው። ሰዎቹ በአስፋልቱ ዳር አንድ ዙር ይሄዳሉ፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ የውሃ ፈረቃውን ያማርራሉ፣ ከዚያ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። የሰፈሩ ድመቶች ደግሞ እንደ ሙክት ወፍረው በየበረንዳው ተጋድመው ያዩአቸዋል።

ከዐርባ ዓመት በታች የሆነ ሰው የምታጠባ ውሻ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ውሻ የሚመጣው ከመንግሥት የውሻ ማርቢያ ማዕከል ነው። የፈለገ ሰው ያመለክታል፣ ዓመታት ተራውን ይጠብቃል፣ ከዕለታት አንድ ቀን ያደገ፣ የተከተበና የመከነ ውሻ በሩ ድረስ ይመጣለታል። ይህ ደግሞ ማንንም ያስከፋ ነገር አልነበረም። የእብድ ውሻ በሽታ ተረት ሆኗል። መርዝ በልቶ ማለዳ መንገድ ላይ የተዘረጋ ውሻ ማየት ቀርቷል። በየገደሉ ዳር ዐጥንቱ ወጥቶ የሚንከራተት ቡችላ የለም። ሰው አንድ ነገር ጎደለብኝ ለማለት ያንን ነገር ማወቅ አለበት፤ እዚያ ሰፈር የሚያውቀው ጥቂት አዛውንት ብቻ ነበር።

ሶልያና ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ ናት። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የከተማ ባቡር ስትነዳ ኖራ በጡረታ ወጥታለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ቤቷ ብቻዋን ትኖራለች። በልጅነቷ ዘመን ሶልያናና ኢዮስያስ የሚባሉት ገና ዳዴ የሚሉ ሕፃናት ነበሩ። ዛሬ እነዚህ የአሮጊትና የሽማግሌ ስም ሆነዋል፤ ወጣቶቹ በተራቸው ድንቅነሽና ጉልላት ተብለው የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ለብሰዋል። የስም ነገር እንዲህ ነው፤ ካልሞቱ ተመልሶ ይመጣል።

ውሻዋ የመጣችው በክረምቱ ማብቂያ ነው። ከየካ ጫካ ወረደች፣ ሰፈሩን በሙሉ አሸተተች፣ ከሁሉም በር የሶልያናን በር መርጣ ተኛችበት። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለባት፣ አንድ ጆሮዋ የታጠፈ፣ የማንም ያልሆነች ውሻ። ሶልያና «ማን ላከሽ?» አለቻት። በማግስቱም እዚያው ስላገኘቻት «ማን ላከሽ» ስሟ ሆኖ ቀረ። ድሮ ሰው ለውሻው እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣው ጎረቤቱን ሊነካ ነበር፤ ሶልያና ግን የጠየቀችው ውሻዋን ራሷን ነው፤ መልሱንም እስካሁን አላገኘችም።

ፈቃድ የሌላት ውሻ ናት ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ማጉረምረሙ የቆየው ጅቡ እስኪመጣ ነው። ጅቦች ከጫካው እየወረዱ መኪና ማቆሚያው ድረስ መድረስ ከጀመሩ ሰንብተዋል። የማዕከል ውሾች ጅብ ሲሸታቸው ሶፋ ሥር ይገባሉ፤ ለአፓርታማ ተብለው የመጡ ስለሆኑ መጮኽም አይሆንላቸውም። ማን ላከሽ ግን በመጣች በሳምንቱ ጅቡን እስከ ጫካው አፋፍ ድረስ እየጮኸች ሸኘችው። ጠዋት ላይ ሰው ሁሉ ስለ ድምፁ አወራ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፈቃድ ያነሳ የለም።

ከዚያ ደግሞ ደሙ መጣ።

መጀመሪያ ያየችው የሁለተኛ ፎቋ ሄራን ናት። «እትዬ ሶልያና! ውሻዎ ተወግታለች! ደም! ደም!» እያለች ደረጃውን በሩጫ ወረደች። በእጇ የጠበል ጠርሙስ ይዛለች። ሄራን ጠበልና ድንጋጤ ከቤቷ ጠፍተው አያውቁም። ከእሷ ኋላ ጉልላት መጣ፤ የሦስተኛ ፎቅ ወጣት ነው፤ ውሻውን በገመድ ይዞ ሳይሆን በገመድ እየተጎተተ።

«ጅብ ነው የነከሳት» አለ ጉልላት። «አምቡላንስ ጠርቻለሁ። የኔም ታሟል መሰለኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ወደዚህ እየጎተተኝ ነው፤ አልመለስ አለኝ።»

የጉልላት ውሻ ብቻ አልነበረም። በዚያ ምሽት የሽርሽር ሰዓት ሲደርስ የብሎኩ ውሾች በሙሉ የሶልያና በር ላይ ተሰብስበው ቁጭ አሉ። አይጣሉም፣ አይጮኹም፣ አይላፉም። አንዳች ነገር ሊያደርጉ እንደመጡ ገብቷቸዋል፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ግን የሚነግራቸው የለም። ባለቤቶቻቸው ገመዱን እንደያዙ ከኋላቸው ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዲት ሴት ወረርሽኝ እንዳይሆን ብላ አፏን ሸፈነች።

ሶልያና ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ሳቋ እስኪያልፍላት ደጃፉን ይዛ ቆመች።

«አልታመመችም» አለች። «ወንድ ፈልጋ ነው።»

ጉልላት መጀመሪያ ማን ላከሽን፣ ቀጥሎ የራሱን ውሻ፣ በመጨረሻም መሬቱን አየ። ሄራን ጠበሉን በነጠላዋ ሸፈነችው።

አምቡላንሱ ባይመጣም ጥሪው መዝገብ ገብቶ ነበርና በማግስቱ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሟ መጣች። ዶክተር ድንቅነሽ ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው መልክ አለ። ጓንቷን አጥልቃ ከማን ላከሽ አጠገብ ተንበረከከችና ሆዷን ደጋግማ ዳበሰች።

«ምነው ዶክተር? የሚያስፈራ ነገር አየሽ እንዴ?»

«የለም፣ ጤነኛ ናት። እንዲያው እኔ በሥዕል ብቻ ነበር የማውቀው።» ቀና አለች። «ጫካ ውስጥ አንዳንድ ቀርተዋል ሲባል እሰማ ነበር፤ አላመንኩም ነበር።»

ሻይ ተቀድቶላት ሕጉን አስረዳች። ያልመከነ እንስሳ ቤቱ የተገኘበት ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው የደሙ ጊዜ ሲያልፍ ማምከን ነው። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ብቻ እንድትወልድ መፍቀድ ነው፤ ዘሩን ማዕከሉ ይልካል፣ ከወለደች በኋላ ትመክናለች።

«ሁለተኛውን የመረጠ ሰው አለ?»

«እስካሁን የለም። የሚመረጥላት ውሻስ መቼ ተገኘችና!» ሐኪሟ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ሳትጸንስ በፊት ለሚወለዱት ሁሉ ቤት መገኘት አለበት። እንደ ማዕከሉ ወንድና ሴት መምረጥ አይቻልም፤ የመጣው ይመጣል። ስለዚህ ወንድ ለመውሰድ አራት ቤት፣ ሴት ለመውሰድም አራት ቤት ቃል መግባት አለባቸው። አንድ ቤት ከጎደለ ፈቃድ የለም።»

«ማዕከሉ ሴት ውሻ የማያመጣውስ ለምንድን ነው?»

«ጠያቂ ስለሌለ። ስታመለክቺ ስክሪኑ ወንድ ወይስ ሴት ይላል፤ ሰው ወንዱን ነው የሚነካው። እኔም ባለፈው ለእናቴ ሳመለክት ወንዱን ነካሁ። ለምን እንደነካሁ ብትጠይቂኝ አላውቅም።» ሐኪሟ ከሶልያና ጋር በአንቺ መነጋገር እንደጀመረች ገባትና ደነገጠች። «ይቅርታ፣ ቢጠይቁኝ ማለቴ ነው።»

«ግድ የለም። የመከነች ሴት ከመከነ ወንድ በምን ታንሳለች?»

«በምንም አታንስም።»

ማን ላከሽ በሩን በጥፍሯ ቧጠጠች። ውጭ ያሉት ውሾች ሁሉ አንድ ላይ ተነሱ።

«አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» አለች ሶልያና።

«እንደ ሐኪም ከሆነ የሚጠይቁኝ፣ አመክናታለሁ። ካልመከነች ሲውል ሲያድር ማህፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል፤ ይገድላል። የጡት እጢ አለ። ወንድ ፍለጋ ስትወጣ የመኪና አደጋ አለ። የመከነች ብዙ ጊዜ ዕድሜዋ ይረዝማል።»

«እንደ ሰውስ?»

ሐኪሟ ፈገግ አለችና «እንደ ሰው ከሆነ ቡችላ ዓይኑን ሲገልጥ ማየት እፈልጋለሁ» አለች። «ያ ግን የኔ ፍላጎት ነው፤ የእሷ አይደለም። እሷ አሁን ወንድ ትፈልጋለች፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ረስታው ትተኛለች። ሳልወልድ ቀረሁ ብላ አታለቅስም። የሚያለቅሰውም የሚያስበውም ሰው ነው።»

ሐኪሟ ከሄደች በኋላ ሶልያና በሩን ዘግታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ማሰብ አልፈለገችም፤ ግን ሐሳብ ባለቤቱን አያስፈቅድም።

ልጅ ሳለች በተከራዩት ግቢ አንዲት ውሻ ነበረች። ስትወልድ ጎረቤት ሁሉ ይመጣና ቡችሎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ሆዳቸውን ገልብጦ ያያል። ወንድ የሆነው በዚያው ሳምንት ባለቤት ያገኛል። ሴቶቹ ዓይናቸው እስኪገለጥ ይቆዩና ዘበኛው ማዳበሪያ ውስጥ ከትቶ፣ አፉን በሲባጎ አስሮ፣ ድልድዩ ሥር ያስቀምጣቸዋል። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ለሶልያና ከረሜላ የሚገዛላት ሰው ነበር። የግቢው ሰዎችም ክፉ አልነበሩም፤ ሴት ውሻ ትወልዳለች፣ የሰፈር ወንድ ትሰበስባለች፣ ስለዚህ አትፈለግም፤ አለቀ። ትምህርት ቤት ስትሄድ በድልድዩ ላይ ማለፍ ነበረባት። ድምፁ ጨርሶ እስኪጠፋ ቀናት ይፈጅ ነበር። እሷ መንገድ መቀየር ጀመረች፤ እናቷ ለምን ትዘገያለሽ ብላ ገረፈቻት።

ውሻና ድመት ሁሉ ይምከን የሚለው ሕግ የወጣ ዕለት ካጨበጨቡት አንዷ ሶልያና ነበረች። ዛሬም ቢሆን አልተጸጸተችም። ያ ማዳበሪያ ዳግም እንዳይታሰር ስንት ውሻ ቢመክን አይበዛበትም ብላ ታምናለች።

ሆኖም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤቷ ጥግ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ትክ ብላ ስታይ ራሷን አገኘችው። ካርቶን ያስገባል። አሮጌ ብርድ ልብስ አላት። የሞቀ ወተት የሚሸት ነገር፣ በደረት የሚሳብ ነገር፣ ገና ሳያይ የሚፈልግ ነገር በዚህ ቤት ቢኖር! ፈለገች። እውነቱን ለመናገር በጣም ፈለገች። ከዚያ በራሷ ተቆጣችና ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ሰፈሩ ደግሞ ወሬውን ሰምቶ አደረ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ኢዮስያስ ከፊት ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ከአንዲት ድመታቸው ጋር አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል። ከኋላቸው ሄራን፣ ጉልላት፣ የስድስተኛ ፎቁ ሰውዬና ሌሎችም ከብሎኩ የተውጣጡ አሉ። ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ቆሙ።

«ኖር! ኧረ ተቀመጡ፣ ምነው ቆማችሁ?» አለች ሶልያና።

«አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። «የመጣንበትን ሰምተሽ እሺ ስትዪን ያኔ እንቀመጣለን።»

ሶልያና ገባት። ሽማግሌ ተልኮባታል። ይህ ወግ ሊፍት ቢገባም፣ ውሻ ከማዕከል ቢመጣም አልጠፋም።

«ሶልዬ፣ ለጋብቻ ነው የመጣነው ብንል ውሸት አይሆንም። ልጅሽ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች አሉን። ልጅሽን ለልጃችን እንዳንል የኛ ልጆች ሁሉ የተኮላሹ ናቸው።» ሁሉም ሳቁ፤ ጋሽ ኢዮስያስ ራሳቸው አልሳቁም። «ከማዕከሉ ዘር ይምጣላት። ትውለድልን። ጅቡ ደጃችን ደርሷል። ያለን ውሻ ደግሞ ጅብ ሲመጣ ሰውን ቀድሞ የሚደበቅ ነው። የእሷ ልጆች ይጮኻሉ። አደራ፣ እምቢ አትበይን።»

«ልጄ ባለፈው ‹አባዬ፣ ውሻ እናት አለው?› ብሎ ጠየቀኝ» አለ ጉልላት። «አለው አልኩት። ‹አሳየኝ› አለኝ። ምን ላሳየው፣ እትዬ ሶልያና? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሄራን ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። የእሷ ውሻ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ተራዋ ገና አልደረሰም።

ሰዎቹ ውሸታቸውን አልነበረም። ሶልያናም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ በራሷ አፍ ማለት ያቃታትን እነሱ ቆመው ይለምኗታል። እሺ ለማለት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ሕጉን ነገረቻቸው፤ አራት ቤት ለወንዶቹ፣ አራት ቤት ለሴቶቹ።

«ይኼ ነው ችግሩ?» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። «ይኼማ ምን አላት!»

«ወንድ የሚወስድ ማነው?»

የሰዎቹ እጅ ሁሉ ወጣ። ጉልላት ሁለቱንም እጁን ነበር ያወጣው። ጋሽ ኢዮስያስ ብቻ ሽማግሌ ናቸውና እጃቸው ከጋቢያቸው ሥር ቀረ። ሄራን እያነባች ሳቀች።

«ሴቶቹንስ ማን ይወስዳል?»

እጆቹ ወረዱ። ቤቱ ጸጥ አለ። ውጭ አንድ የማዕከል ውሻ በሩን ሲያሸት ይሰማል። ጋሽ ኢዮስያስ ጣራውን ያያሉ። ሄራን ነጠላዋን ታስተካክላለች። ጉልላት ጋሽ ኢዮስያስን ያያል።

«ጅቡን ያባረረችው እኮ ሴት ናት» አለች ሶልያና።

«እሱማ እውነት ነው» አለ የስድስተኛ ፎቁ ሰውዬ። «ግን ሴት ውሻ... ያው ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም። ንገረኝ።»

«ቤት አታስከብርማ! ድሮም አባቶቻችን ሴት ውሻና የተቀደደ ጫማ ከደጅ ይቀመጣል ይሉ ነበር።» ሳቀ። ይህን ያሉ አባቶች ይኑሩ አይኑሩ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ሰውዬው ሲስቅ ከጎኑ ያለው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ከልብ የመነጨ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ሲስቅ አብሮ የሚሳቅ ዓይነት ነበር። ሆኖም ከዚያ ሳቅ በኋላ እጅ ማውጣት ቀላል ነገር አልሆነም።

ሶልያና ጠበቀች። አንድ ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መልሳ ዋጠችው። ከረድፉ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሁሉም ዞሮ አየው፣ ሰውዬው በጉንፋን አሳብቦ ወደ መሬት አቀረቀረ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ነገር ሲነቅዝ ሶልያና ሰማች።

ድልድዩ ትዝ አላት። ሴት ውሻ ያልተፈለገችው ስለምትወልድ ነበር። ሕጉ ከወጣ ወዲህ በከተማው ውሻ ወልዶ አያውቅም። ምክንያቱ ሞቶ ተቀብሯል፤ አለመፈለጉ ግን ቆሞ ይሄዳል።

«እንግዲያው አትወልድም» አለች። «አሁን ተቀመጡ፣ ሻይ ልቅዳላችሁ።»

አልተቀመጡም። ሽማግሌ ያልሰመረለት ቤት አይቀመጥም። ጋሽ ኢዮስያስ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ተውትና ጋቢያቸውን እንደገና አጣፍተው ቀድመው ወጡ። የመጨረሻው ሰው በሩን በቀስታ ዘጋው።

የደሙ ጊዜ ካለፈና ወራት ከተቆጠሩ በኋላ ማን ላከሽ ክሊኒክ ገባች። ቀኑ ደመናማ ነበር። ዶክተር ድንቅነሽ ማደንዘዣውን ከመውጋቷ በፊት «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ጠየቀች።

«ለሴቶቹ አንድም ቤት አልተገኘም።»

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ሥራው ብዙ አልፈጀም። ሶልያና ውጭ ተቀምጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ እየደጋገመች አነበበችው፤ በሦስተኛው ላይ ምን እንደሚል ረሳች። ሲጨርሱ ሐኪሟ ሁሉም ነገር በጥሩ ሁኔታ እንዳለቀ፣ ማህፀኗ ጤናማና ንጹሕ እንደነበር ነገረቻት። ንጹሕ የሚለው ቃል ሶልያናን አላጽናናትም።

ማን ላከሽ በማደንዘዣው አስመለሳት፤ ማምሻውን ሾርባ ጠጣች፤ በማግስቱ ጅራቷን ቆላች። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ ሾጣጣ ነገር ታስሮላታል፤ ከበሩ ጋር እየተጋጨች ቤቱን ዞረች። የምታዝን አትመስልም። ያዘነችው ሶልያና ናት፤ ትክክለኛ ነገር ማድረጓን እያወቀች አዘነች፤ ሁለቱ አብረው መኖር እንደሚችሉ ያኔ ተማረች።

በዚያ ሰፈር የታመመ ይጠየቃል። የታመመው ውሻ ቢሆንም ያው ነው። መጀመሪያ የመጣችው ሄራን ቅልጥም ይዛ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጣ የማን ላከሽን ጭንቅላት ስትዳብስ ቆየችና ድንገት ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔ እኮ ሴቲቱን እወስድ ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ለወንዱ እጄን ያወጣሁት ሁሉም ስላወጣ ነው። ሴት ነበር የፈለግሁት፤ እሷን የመሰለች።»

«ታዲያ ምን ዘጋሽ?»

«ሰውዬው ከሳቀ በኋላ? ድሮም ብቸኛ ሴት ነኝ። የተረፈውን አነሳች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። በአሳንሰሩ ስወርድ እንኳ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ነው የምወርደው።»

ሶልያና አንድ ቤት ቢገኝም ሕጉ የሚለው አራት ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ያን ቀን ማጽናኛው በቂ ነበር።

በነጋታው ጉልላት መጣ። የሚጠጣ ወተት ይዞ፣ ልጁን ቤት ትቶ። ቆሞ ብዙ ተንተባተበ።

«እኔና ባለቤቴ ቀድመን ተነጋግረን ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሴት ትሁን ብለን። ልጁ እናት ምን እንደምትመስል ይይ ብለን፤ መክናም ቢሆን ሴት ሴት ናት አይደል? ሁለቱንም እጄን ያወጣሁት ሁለቱንም ልወስድ ነበር።»

«ሴቶቹንስ ስል ሁለቱም እጅህ ኪስህ ውስጥ ነበር።»

«ጋሽ ኢዮስያስ እስኪናገሩ ስጠብቅ ነበር እኮ! ትልቅ ሰው ዝም ሲል እኔ ምን ብዬ ልቅደም? አስተዳደጌ እንዲያ አይደለም።»

ሶልያና ወተቱን ተቀበለችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በውስጧ መቁጠር ጀምራለች፤ መቁጠሩን ለማቆም ሞከረች፤ አልቆመም።

ጋሽ ኢዮስያስ የመጡት እሑድ ነው። ብቻቸውን፣ ጋቢም ሳይለብሱ። «ተቀመጡ» ሳትላቸው ተቀመጡ። ማን ላከሽ መጥታ ጫማቸውን አሸተተች፤ የድመታቸው ጠረን ነው።

«ሶልዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትስቂብኝ።»

«ሴቲቱን ልወስድ ነበር ሊሉኝ ነው?»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ይንገሩኝ።»

«ድመቴ አርጅታለች። እኔም እንዲሁ። ሴት ውሻ ከሽማግሌ ጋር ትስማማለች ብዬ ነበር፤ ልጅ ሳለን እናቴ አንዲት ነበረቻት።» ጣቶቻቸውን አያያዙ። «ግን ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ ነው የመጣሁት። ሰው የላከው ሰው ለራሱ ይለምናል እንዴ? እንዲያ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ሌላው ይናገር፣ እኔ በኋላ ለብቻዋ እነግራታለሁ አልኩ። ማንም ሳይናገር ቀረ። አፌን ከፈትኩ፤ አፌ ራሱ አፈረ። አሁንማ ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው።»

ሶልያና አንገቷን ደፋች። ከደረቷ አንድ ነገር ወደ ላይ እየወጣ ነበር፤ ልቅሶ ይሁን ሳቅ ለይታ አላወቀችውም። ጋሽ ኢዮስያስ በእሳቸው የተቆጣች መሰላቸው። ነገሩን ለማለዘብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺስ?» አሉ። «ከሴቶቹ አንዷን ለራስሽ ልታስቀሪ አላሰብሽም ነበር?»

«አስቤ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ቤቱ ያንቺ፣ ውሻዋ ያንቺ! አንቺ ብትጀምሪ እኮ...»

«እናንተ እስክትጀምሩ እየጠበቅሁ ነበር» አለች ሶልያና።